ሕፃኑ መዳህ ሳይጀምር፤ የገበሬ ማድ ቤት ስለ ማደስ

በደጋው አገር የገበሬ ቤት ሲሠራ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ እልፍኙና ስለ በረቱ ነው። እንግዳ የሚቀመጥበት መደብ በደንብ ይለሰናል፤ በሬ የሚያድርበት ጋጥ ነፋስ እንዳይገባው ተደርጎ ይታጠራል፤ ማድ ቤቱ ግን በተረፈው እንጨትና በተረፈው ጭቃ ከቤቱ ጀርባ እንደ ነገሩ ይቆማል። ልማዱ የቆየ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ጉድለት መሆኑ አይታየውም። ሆኖም እልፍኙ ሰው ሳይቀመጥበት የሚውልበት ቀን ብዙ ሲሆን፣ ማድ ቤቱ ከንጋት እስከ ማታ እሳት አይጠፋበትም፤ እመቤቲቱም ከነሕፃንዋ የምትውለው በዚያ ነው። የእርሻ ሠራተኛም ቢሆን ወደ ገበሬ ደጅ ሲመጣ ማሳውን፣ ከብቱንና ጎተራውን ጠይቆ ይመለሳል እንጂ ወደ ማድ ቤቱ ጎንበስ ብሎ የሚገባው ጥቂቱ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለመመልከት በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘውን የአንድ ወጣት ገበሬ ቤት መውሰድ ይቻላል። አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ስለ ብርዱም ቤቶቹ በድንጋይ የተካቡ፣ መስኮታቸው ጠባብ ወይም ጭራሹን የሌላቸው ናቸው። ገበሬው ገብስና ባቄላ ያመርታል፤ አንድ ጥማድ በሬ፣ ሁለት ላሞች፣ ጥቂት በጎችና ዶሮዎች አሉት። ቤቱን ከአባቱ ወርሶ ከእናቱ ጋር ይኖርበታል። በጥቅምት ማለቂያ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን፣ ወንድ ልጅ፣ ወለደች። ልጁ ክርስትና ከተነሣ በኋላ እናቲቱ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች፤ ሕፃኑንም በአንቀልባ አዝላ እንጀራ በጋገረችበት ቀን ሁሉ ዐይኑ ሲያለቅስ ይውልና ሌሊቱን ሲያስል ያድር ጀመር። ባልና ሚስቱ ማድ ቤቱን ለማደስ የቆረጡት በዚያን ጊዜ ነው።

እንዲህ ላለው ሥራ ወቅቱ ራሱ ቀጠሮ ይሰጣል። እህል ተወቅቶ ጎተራ ሳይገባ የገበሬ እጅ አይፈታም፤ ስለዚህ ሥራው ከጥምቀት በፊት አይጀመርም። በሰኔ ደግሞ ክረምቱ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የተመረገ ግድግዳ አይደርቅም። በመካከሉም የበልጉ ዝናብ መጋቢትንና ሚያዝያን ሊያበላሽ ይችላል። ይህ ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሕፃን ያለበት ቤት ግን ሁለተኛ ቀጠሮ አለበት፤ ይኸውም ሕፃኑ መዳህ የሚጀምርበት ቀን ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው መለኪያ መሠረት ሕፃናት በእጃቸውና በጉልበታቸው መዳህ የሚጀምሩት በአማካይ በ8 ወር ተኩል ነው፤ የፈጠነው 5 ወር እንዳለፈው፣ የዘገየው እስከ 13 ወር ቆይቶ ሊጀምር ይችላል። እንግዲህ በጥቅምት ማለቂያ የተወለደ ልጅ ቢፈጥን በሚያዝያ፣ እንደ ብዙዎቹ ከሆነ በሐምሌ አጋማሽ ይድኻል ማለት ነው። ዝናቡ ሰውን ሁሉ ከደጅ አስገብቶ እሳት ዳር የሚሰበስብበትና ሕፃኑ ወለሉን የሚይዝበት ጊዜ አንድ ላይ ይገጥማሉ። መሬት ላይ የተጎለቱ ሦስት ጉልቻዎችና የሚድህ ሕፃን ደግሞ በአንድ ጠባብ ክፍል ሊከርሙ አይገባቸውም። ስለዚህ የቤተ ሰቡ ዕቅድ የተቆጠረው ከጥር ወደ ፊት ሳይሆን ከሰኔ ወደ ኋላ ነው፤ የትኛው ሥራ ሕፃኑ ሳይድህ ማለቅ አለበት፣ የትኛውስ ለከርሞ ቢቆይ ጉዳት የለውም ተብሎ ተለየ።

የነበረው ማድ ቤት ርዝመቱ ስምንት ክንድ፣ ወርዱ ስድስት ክንድ ያህል ሆኖ አንድ በር ብቻ ያለው ነበር። ጢሱ በሣሩ ክዳን መካከል እየተጣራ ይወጣል እንጂ ሌላ መውጫ አልነበረውም፤ ማገሩና ወራጁ በጥቀርሻ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ሦስቱ ጉልቻዎች በክፍሉ መካከል፣ ከጎታውና ከሊጡ ቡሃቃ ሁለት እርምጃ ርቀው ነበሩ። ዶሮዎቹ በማዕዘኑ ቆጥ ላይ ያድራሉ፤ በብርድ ወራት ጥጃውም ከበሩ አጠገብ ይታሰራል። ማገዶው የባሕር ዛፍ ጭራሮና ከሁሉ ይልቅ ኩበት ነው። ኩበት ሲነድ ጢሱ ከእንጨት ጢስ የበለጠ የከፋ መሆኑን ጋግራ የምታውቅ ሴት ሁሉ ትመሰክራለች።

ይህ የጥቂት ሰዎች ችግር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት የሞተው ሰው ቍጥር ወደ 3.2 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ከነዚህም ውስጥ ከ237,000 በላይ የሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ለጢስ የተጋለጠ ሕፃን በሳንባ በሽታ የመያዙ ነገር ካልተጋለጠው ጋር ሲመዛዘን ወደ እጥፍ ይጠጋል። አዋቂ ሰው ጢሱ ሲበዛበት ወደ ደጅ ይወጣል፤ በእናቱ ጀርባ የታዘለ ልጅ ግን መውጣት አይችልም፤ እናቱ ወደ ምጣዱ ባጎነበሰች ቍጥር የእርሱም ፊት ወደ እሳቱ ይጠጋል።

የዕድሳቱ ነገር ሲነሣ በመጀመሪያ የተቃወሙት የገበሬው እናት ናቸው። ተቃውሟቸው ደግሞ እንዲያው የሽማግሌ ወግ ነው ተብሎ የሚጣል አልነበረም። «ልጄ፣ ይህን ቤት ያቆመው ጢሱ ነው፤ ጢስ ያልነካውን ሣር ተባይ ይጨርሰዋል፣ ዘሩንም ነቀዝ ይበላዋል» አሏት ምራታቸውን። እርስዋም፣ «እውነትዎን ነው እማማ፣ ሣሩን ጢሱ ጠብቆታል፤ ልጁን ግን እንዴት እንደሚያደርገው ሌሊት እርስዎም ይሰሙታል» ብላ መለሰች። የአሮጊቲቱ አሳብ ትክክል መሆኑን መሸሸግ አይገባም። ጢስ የሣር ክዳንንና እንጨትን ከተባይ ይጠብቃል፤ ከምድጃ በላይ የተሰቀለ የዘር እሸትም ነቀዝ አይደፍረውም። ስለዚህ ጢሱን ከቤት የሚያስወጣ ሰው ክዳኑ ቶሎ ቶሎ መታየትና መጠገን እንዳለበት፣ ዘሩም ሌላ መጠበቂያ እንደሚያስፈልገው ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት። ይህን ሳይነግሩ አዲስ ምድጃ ብቻ የሚያመጡ መካሪዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ምድጃው የዶሮ ማስፈልፈያ ሆኖ ቢያገኙት ሊደነቁ አይገባም።

ሁለተኛው ክርክር በባልና በሚስት መካከል ሆነ። ገበሬው ሁለት ሙክት ሸጦ ባገኘው ገንዘብ የማድ ቤቱን ክዳን ቆርቆሮ ሊያደርገው አሰበ፤ ሚስቱ ግን ገንዘቡ አስቀድሞ ለምድጃውና ለመስኮቱ ይሁን አለች። በየመንደሩ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የባልየው አሳብ ሲፈጸም ነው፤ ቆርቆሮ ከሩቅ ያበራል፣ ጎረቤትም ያየዋል፤ ምድጃን ግን የሚያየው የለም። ነገር ግን በቆርቆሮ የተከደነ መስኮት የሌለው ማድ ቤት ከሣሩ የባሰ ነው፤ ሣር ጢሱን እያሳለፈ ሲያስወጣው ቆርቆሮ መልሶ ወደ ታች ያወርደዋል። ይህንኑ የጎረቤታቸውን ቤት አይተው ስለ ተረዱት ቆርቆሮው ለከርሞ እንዲቆይ ተስማሙ።

ለእንጀራ የተመረጠው ምድጃ «ምርጥ» እየተባለ የሚጠራው ነው። ይህ ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የተነደፈ ሲሆን፣ ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ ጠጠር ተቀላቅሎ በቅርጽ ይወጣል። አራት ቍራጮቹ ሲገጣጠሙ ምጣዱን እንደ ቀለበት ይከቡታል፤ ከኋላው ደግሞ የሚወጣው ወላፈን ድስት እንዲያሞቅ ማስቀመጫ አለው። እሳቱ በዙሪያው ስለማይበተን በሙከራ እንደ ታየው ከግልጹ ምድጃ ጋር ሲመዛዘን ማገዶውን ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። በጎረቤት በኤርትራ ደጋም በአሥመራ የኢነርጂ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል የተነደፈው «አድሓነት» የተባለው ሞጎጎ፣ ከፍ ብሎ የተሠራና የጢስ መውጫ ያለው ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2003 የአሽደንን ሽልማት አግኝቷል። ሁለቱም አንድ ነገር ያስረዳሉ፤ ይኸውም እንጀራ የሚበላ ሕዝብ የሚፈልገው ምድጃ ከሌላ አገር ለድስት ብቻ ከተሠራው ምድጃ የተለየ መሆኑን ነው። ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋውን ምጣድ ዳር እስከ ዳር እኩል ያላሞቀ ምድጃ፣ እንጀራው ዐይን አላወጣም ተብሎ በሁለተኛው ቀን ይጣላል።

ምድጃው የተቀመጠው በአሮጌው ስፍራ ሳይሆን ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ጥግ፣ በድንጋይና በጭቃ በተሠራ መደብ ላይ ነው። መደቡ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አለ። ከዚህ በላይ ቢሆን እናቲቱ ሊጡን ለማዞር ትቸገራለች፤ ከዚህ በታች ቢሆን ደግሞ ጎንበስ ማለቱ ይመለሳል። ከመደቡ በላይ፣ ከክዳኑ ሥር ክንድ በክንድ የሆነ መስኮት ተከፈተ። በድንጋይ ግድግዳ ላይ መስኮት መክፈት የዋዛ ሥራ አይደለም፤ ጉበኑ በጠንካራ የወይራ እንጨት ካልተያዘ ከላይ ያለው ካብ ይወርዳል። ስለዚህ ለዚህ አንድ ቀን ብቻ ግንበኛ ተቀጠረ፤ የቀረው በደቦ ተሠራ። ከምድጃው ኋላ የሚወጣው ጢስ በቆርቆሮ ቱቦ ግድግዳውን በስቶ ወደ ውጭ እንዲወጣ፣ ከዚያም ከክዳኑ ጠርዝ ርቆ ወደ ላይ እንዲነሣ ተደረገ። ቱቦውን በቀጥታ በሣሩ ክዳን መካከል ማሳለፍ ቀላል መስሎ የታያቸው ሰዎች ነበሩ፤ ይህ ግን ቤቱን ለእሳት መስጠት ነው።

ምድጃ መቀየሩ ብቻ ሕፃኑን ከሳንባ ምች ያድነዋል ብሎ ተስፋ መስጠት ግን ትክክል አይደለም። በጓቴማላ ደጋ የጢስ መውጫ ባላቸው ምድጃዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት፣ ሕፃናቱ የሚያገኛቸው ጢስ በግማሽ ያህል ቢቀንስም በጠቅላላው የሳንባ ምች መጠን ላይ የማያጠራጥር ልዩነት አላሳየም፤ ጽኑ የሆነው ሕመም ግን በሲሶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። በማላዊ ከ10,000 በላይ ሕፃናት ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ደግሞ ጢስ ይቀንሳል የተባለው ምድጃ ብቻውን ምንም ልዩነት እንዳላመጣ ገልጿል። ምክንያቱ አይሰወርም። ከአዲሱ ምድጃ አጠገብ አሮጌው ጉልቻ ለጠላው ብቅልና ለአሻሮው ሲነድ ይውላል፤ ቆሻሻ በግቢ ይቃጠላል፤ የጎረቤት ጢስ በበሩ ይገባል። እንግዲህ ጥቅም የሚገኘው ምድጃው፣ መስኮቱና የሕፃኑ መዋያ ሦስቱም አብረው ሲለወጡ ነው። በዚህ ቤት የአሻሮው ማመሻ ጉልቻ ከቤት ወጥቶ ከነፋስ በተጠለለ ዳስ ሥር ተተከለ፤ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓትም ሕፃኑን አያቱ በእልፍኝ እንዲይዙት ሆነ። ከሁሉ የተሻለው መድኃኒት ይኸው ነበር፤ አንድ ሳንቲም አልወጣበትም።

በደጋ አገር ሌላ የሚያሠጋ ነገር አለ። ግድግዳው አዲስ ሲመረግ ነፋስ ያስገባ የነበረው ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል፤ ቤቱ ይሞቃል፤ ሰውም ደስ ይለዋል። ነገር ግን በዚያው በተደፈነ ቤት ማታ የከሰል ምድጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ሰውን በእንቅልፉ የሚገድል ነገር ነው። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው አየር ሽታ የለውም፤ አይታይም፤ ዐይንም አያቃጥል። ጢስ የለውምና ጉዳት የለውም ብሎ ከሰልን የሚያምን ሰው እጅግ ተሳስቷል። ስለ ብርዱ ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ተጠግቶ በጋቢና በቡልኮ ይሞቅ፤ ፍም ግን ከመኝታ በፊት ይውጣ። ከመኝታው ክፍል በላይ ያለው ትንሽ የነፋስ መግቢያም በምርጊት ጊዜ ሊደፈን አይገባም።

ሥራው በተጀመረ ጊዜ ከሁሉ የከበደው ድንጋዩ ወይም ጭቃው ሳይሆን የቤቱ ኑሮ ነበር። ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት ሴት ማድ ቤትዋ ፈርሶ ለደቦ የመጣውን ሰው ሁሉ እንድታበላ ይጠበቅባታል፤ ይህን አስቀድሞ የሚያስብ ወንድ ግን ጥቂት ነው። ደቦው ሰባት ሰው ከሆነ የሰባት ሰው እንጀራ፣ ወጥና ጠላ ያስፈልጋል። በዚህ ቤት እንዲህ ተደረገ፤ ክዳኑ ሳይነካ በፊት ሁለት ሳምንት ቀድሞ ጊዜያዊው ዳስ ቆመ፤ እንጀራውን ሁለት የጎረቤት ሴቶች በየተራ እንዲጋግሩ፣ እርስዋም በሌላ ጊዜ በጥጥ ፈተላ እንድትመልስላቸው ተስማሙ። ውሃውን ከምንጭ በአህያ ጭኖ ማምጣት የገበሬው ሥራ ሆነ። ለወንድ ልጅ ውሃ ማምጣት ነውር ነው የሚል ሰው ቢኖርም፣ አህያ እስከ ነዳ ድረስ ማንም የሳቀበት አልነበረም።

አሮጌው ክዳን በወረደበት ቀን እናትና ልጅ ከቤቱ ርቀው በጎረቤት ዋሉ። የብዙ ዓመት ጥቀርሻ፣ አቧራና የአይጥ ኩስ ከላይ ሲረግፍ ሕፃን በአቅራቢያው ሊገኝ አይገባውም። ሲሚንቶ በተቦካበትና ግድግዳው ኖራ በተቀባበት ቀንም እንዲሁ ነው፤ ኖራ ዐይንን ያሳውራል፣ እርጥብ ሲሚንቶም ቆዳን ይልጣል፤ የሠራተኛው ልብስ ሳይወልቅ፣ እጁም ሳይታጠብ ልጅ ማንሣት አይገባም። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት ቆይቶ እንደገና ከተረገጠ በኋላ በሁለት ጊዜ ተመረገ፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አልተደረበም። የበልጉ ዝናብ አንድ ሳምንት ሥራውን አቋረጠው፤ አንደኛው ማዕዘንም ታጥቦ እንደገና ተመረገ። እርጥቡ ግድግዳ እስኪደርቅ ድረስ ማንም በዚያ አልተኛም።

ስለ እህሉ ጎታ ነገሩ ጠንከር ያለ ነው። ዘሩና እህሉ ከጢሱ ሲርቅ ነቀዝ እንደሚመጣ አሮጊቲቱ አስቀድመው ተናግረዋል፤ ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚሮጠው ወደ መድኃኒት ነው። በገበያ ፎስቶክሲን እየተባለ የሚሸጠው የአልሙኒየም ፎስፋይድ ክኒን የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ሰው በሚተኛበት ወይም በሚያበስልበት ቤት ባለ ጎታ ውስጥ ይህን ክኒን መጨመር ቤተ ሰቡን መመረዝ ነው፤ ከሁሉ በፊት የሚሞቱትም ሕፃናቱ ናቸው። ስለዚህ ጎታው ከማድ ቤቱ ወጥቶ በውጭ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ጎተራ ተተካ። ለዘር የሚሆነው ጥቂት እህል በደንብ ደርቆ፣ ከተነፋ ዐመድ ጋር ተቀላቅሎ አፉ በተዘጋ እንስራ ተቀመጠ። የጸረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ምን ያህል ጊዜ ቢታጠብ ለውሃም ሆነ ለጠላ አይሆንም፤ በዚህ ቤት አንድ እንደዚህ ያለ ተገኝቶ ተበስቶ ተጥሏል።

ዶሮዎቹም ቆጣቸው ወደ ውጭ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ ገጠር ላይ የታተመ ጥናት ዶሮ ያላቸው ቤተ ሰቦች ልጆች በእድገታቸው የተሻሉ መሆናቸውን፣ ዶሮዎቹ ሰው በሚኖርበት ቤት ሲያድሩ ግን ይህ መልካም ነገር እንደሚበላሽ አሳይቷል። እንቁላሉ ለልጁ ይጠቅማል፤ ኩሱ ግን የሚድህ ልጅ እጁን ወለል ላይ አድርጎ ወደ አፉ ስለሚወስድ ይጎዳዋል። ጥጃውም ከበረቱ ጋር በተያያዘ ትንሽ ጋጥ ገባ። ገበሬው በዚህ በኩል ቶሎ አልተስማማም ነበር፤ ዶሮ ከቤት ሲወጣ ሸለምጥማጥ ይበላዋልና። አዲሱ የዶሮ ቤት በድንጋይ ተሠርቶ ጠባብ በሩ በወፍራም ሳንቃ እንዲዘጋ ከሆነ በኋላ ግን ነገሩ ቀና።

መደቡ ከፍ ማለቱ ለሚድህ ሕፃን በቂ ሲሆን ለሚቆም ሕፃን ግን በቂ አይደለም። ዓመት የሞላው ልጅ ቁመቱ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እጁን ሲዘረጋ ደግሞ ከዚያ በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ማድ ቤቱ በሁለት ተከፈለ፤ በምድጃው በኩል ያለው ክፍል ከባሕር ዛፍ ቀጭን እንጨት በተሠራ፣ እስከ አዋቂ ሰው ወገብ በሚደርስ አጥር ተለየ፤ በሩ ከውስጥ በኩል በላይ ይቆለፋል። የሚፈላ ድስት በመደቡ ጠርዝ አይቀመጥም፤ የጀበናው ቦታም ከአጥሩ ውስጥ ሆነ። በቡና ጊዜ ጀበናውን እንደ ልማዱ መሬት ላይ ማድረግ ለሚቀርብ እንግዳ ደስ ቢያሰኝም፣ ሕፃናት ከሚቃጠሉባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ልጅ በእሳት ወይም በፈላ ውሃ የተቃጠለ እንደ ሆነ ወዲያው በተቃጠለው ስፍራ ላይ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ፣ የቀረውን ሰውነቱን ግን በብርድ እንዳይጎዳ መሸፈን፣ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ቅቤ፣ ሊጥ፣ እበት ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ቁስሉን ያባብሳል እንጂ አያድንም።

በሚያዝያ ማለቂያ ሕፃኑ ስድስት ወር ሞላው። እስከዚያ ድረስ የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ግን ጡቱ ሳይቋረጥ ሌላ ምግብ መጀመር አለበት። ለዚህ ሲባል በአዲሱ ማድ ቤት፣ ከመስኮቱ ብርሃን አጠገብ አንድ ትንሽ መደርደሪያ ተለየች፤ የሕፃኑ ሳህን፣ ማንኪያና ክዳን ያላት ማሰሮ ብቻ የሚቀመጡባት ናት። ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቶ፣ ከባቄላ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ገንፎው ወፈር ተደርጎ ይሠራል፤ ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም። እንቁላል በደንብ ተቀቅሎ ሊሰጠው ይችላል። ማር ግን ዓመት ላልሞላው ልጅ አይገባም። ከበሩ ውጭ አንድ የተበሳ ጀሪካን በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ሳሙና ተቀምጦ የእጅ መታጠቢያ ሆነ፤ አማቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመሰገኑት ይህን ነው፤ ወደ ምንጭ ሳይወርዱ ለጸሎት እጃቸውን ይታጠቡበታል።

ገበሬው ራሱ የዕድሳቱን ጥቅም ያየው በማሳው በኩል ነው። ኩበት ከመቃጠሉ በፊት ፍግ ነበር፤ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ በዐመዱ የሚቀረው ፖታሽና ፎስፎር ብቻ ነው። አዲሱ ምድጃ ማገዶውን ስለ ቀነሰ በግንቦት የተጠፈጠፈው ኩበት ከአምናው አነሰ፤ የተረፈው እበት ከገለባና ከዐመድ ጋር በጉድጓድ እንዲበሰብስ ተደረገ። ለጓሮው ጎመንና ድንች የሚሆን ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ወደ አገሩ ባይገባ ኖሮ የደጋው ማሳ ፍግ አንድም ሳይቀር በምድጃ ባለቀ ነበር፤ አሁንም ቢሆን በብዙ ቤት እንዲሁ እያለቀ ነው።

ሰኔ ሲገባ ምድጃው፣ መስኮቱ፣ አጥሩና ጎተራው አልቀው ነበር። ያላለቀውም ጥቂት አይደለም። ክዳኑ አሁንም ሣር ነው። የወፍጮው ስፍራ እንደ ነበረ ቀርቷል፤ ወደ መንደሩ የሞተር ወፍጮ ለመሄድ መንገዱ በክረምት ስለሚበላሽ እናቲቱ ለጊዜው ከመጁ ጋር መታገልዋ አልቀረም። ቱቦው በኩበት ጢስ ምክንያት ቶሎ በጥቀርሻ ይሞላል፤ በየሁለት ሳምንቱ መጠረግ አለበት፤ ይህንም ሥራ ገበሬው ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ በፊት እንዲሠራው ተነጋግረዋል። ከሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከሥሩ ረጥቦ ስለ ታየ በዙሪያው የውሃ መውረጃ ቦይ ተቆፍሯል፤ ከአሮጌው ማድ ቤት የተረፈው ድንጋይም በቦዩ ወለል ላይ ተነጥፏል።